የሚስስ ሩት ሥዕል በይስሐቅ ቤት

ይስሐቅ መስኮቱን ከከፈተ ሦስት ዓመት አልፎታል። መስኮቱ አልተሰበረም፣ አልተቸነከረም። ፊት ለፊቱ ሥዕል ቆሞበት ነው።

ሥዕሉ ከነፍሬሙ ወርዱ ሁለት ሜትር ከሠላሳ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ነው። የይስሐቅ ቤት ደግሞ አሜሪካ፣ ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ፣ ምድር ቤት ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። በአንደኛው ግድግዳ የመግቢያውና የመታጠቢያ ቤቱ በሮች አሉ። በሁለተኛው የልብስ ቁም ሳጥኑ አለ። ሦስተኛውን ምድጃውና ማቀዝቀዣው ይዘውታል። የቀረው መስኮት ያለበት ግድግዳ ነበርና ሥዕሉ እዚያ ቆመ። ጠዋት ጠዋት በፍሬሙ ዙሪያ ቀጭን የብርሃን መስመር ይታያል፤ ከዚያ በቀር ቤቱ ሲነጋም ሲመሽም አንድ ነው።

ሥዕሉ የፈረንሳይ ገጠር ነው። ቀኑ ሊመሽ ነው። ግዙፍ ዛፎች አሉ፣ ከሥራቸው ኩሬ፣ በኩሬው ዳር አምስት ላሞች። ሦስቱ ይጠጣሉ፣ አንዷ ተኝታለች፣ አንዷ ቀና ብላ ተመልካቹን ታያለች። ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ጭራሮ ተሸክማ በጠባብ መንገድ ትሄዳለች። መንገዱ ከዛፎቹ ጀርባ ይጠፋል። ሰማዩ ከግማሽ በላይ ይዟል፤ ድሮ ወርቃማ የነበረ ይመስላል፣ ላዩ ላይ የተቀባው ቅባት ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ አሁን የሻይ መልክ አለው። ጥጉ ላይ የሠዓሊው ስም ተጽፏል፣ አይነበብም። ዓመቱ ግን ይነበባል፣ 1861።

ይስሐቅ ሥዕሉን አይወደውም። የአገሩን ገጠር አስታውሶት ነው የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ። ይስሐቅ ያደገው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ከብት ማለት ለእሱ ሐዲድ ላይ ተኝቶ ባቡር የሚያስቆም ነገር ነበር። ከፈረንሳይም የሚያውቀው አባቱ ሲናደዱ የሚናገሯቸውን ሦስት ቃላት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሥዕሉ ስለሰለቸው አዙሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎት ነበር። ጀርባው አቧራ የጠጣ ሸራና የዛገ ምስማር ነው። አንድ ሌሊት ሳጥን ውስጥ የተኛ መስሎት አደረ፤ ሲነጋ መልሶ አዞረው።

«ይቺ ላም ምን ሆና ነው እንዲህ የምታፈጠው?» ይለዋል ግሩም በመጣ ቁጥር። ግሩም አብሮት የሚሠራ የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ነው፣ አፉ አያርፍም።

«ሁሉንም እንደዚያ ነው የምታየው።»

«ሦስት ዓመት ቤትህ ኖራ አንድ ቀን አልታለበችም። ቢያንስ ኪራይ ሼር አታደርግም?»

ይስሐቅ አይስቅም፣ አይቆጣምም። አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲያወራ ወደ መሬት ያያል። ሥራው ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር ካለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ ከመሬት በታች በሦስተኛው ወለል ላይ ነው፤ የመኪና ማቆሚያው መስታወት ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ማሽን ከገባ ወዲህ ሰው ወደ እሱ የሚመጣው ካርዱ አልሠራ ሲለው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። በክረምት ሲወርድም ሲወጣም ጨለማ ነው። ከዚያ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሩን ይከፍታል፣ መብራት ያበራል፣ የ1861ን ምሽት ያገኘዋል። ሴትየዋ አንድ እርምጃ አልሄደችም።

ሥዕሉ የሚስስ ሩት ነው።

ሚስስ ሩት ጎረቤቱ ነበሩ፤ ከእሳቸው ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፣ አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ትኖራለች። ይስሐቅ ወደ ሕንፃው ሲገባ እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም ነበር። የዜግነት ፈተናውን መቶ ጥያቄ ያስጠኑት እሳቸው ናቸው፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ሲሳሳት በእርሳስ ጣቱን እየመቱ። ጡረታ የወጡ የሕፃናት አስተማሪ ስለነበሩ ትልቅ ሰውም እንደ ሕፃን ነበር የሚያስተምሩት። እሱም ገበያ ሲሄዱ ከረጢታቸውን ይሸከምላቸዋል፣ አምፖል ይቀይርላቸዋል።

በሰማንያ አራት ዓመታቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ ሲወሰዱ ልጃቸው ዕቃውን ልታነሳ መጣች፤ ለአንድ ሰዓት ያህል በተሽከርካሪ ወንበር ይዛቸው ወደ ቤት ተመልሳ ነበር። ሁለት ተሸካሚዎች ሶፋውን ያወጣሉ። ልጅቱ ሥዕሉን ለመሸጥ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። የባላቸው አባት ከዓለም ጦርነቱ በፊት ከፈረንሳይ ሲወጡ ይዘውት የመጡት ሥዕል ነው። ሚስስ ሩት ዞር ብለው በሩ ላይ የቆመውን ይስሐቅን አዩት።

«አይዛክ፣ ይሄን ያዝልኝ። እመለሳለሁ። ለእሷ እንዳትሰጥ፣ ትሸጠዋለች።»

«እሺ» አለ ይስሐቅ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

አሜሪካ ውስጥ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ ይባባላሉ። ጃንጥላ ያስይዛሉ፣ ውሻ ያስይዛሉ፣ የመጡበትን ጨርሰው ይሄዳሉ። ይስሐቅ ግን የሰማው አደራ ነው። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ የሸሸች ጎረቤት እናቱ ዘንድ የስፌት መኪና ትታ ነበር። እናቱ ልብስ በእጇ እየሰፋች መኪናውን በአንሶላ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስቀመጠችው። ስምንት ዓመት። የመኪናው ባለቤት ስትመለስ አንሶላው ታጥቦ ነበር፣ መኪናው ግን አልተነካም። ይስሐቅ ይህን ታሪክ ለማንም አውርቶ አያውቅም፣ የሚወራ ነገር ነው ብሎም አያስብም።

ለጥቂት ሳምንት መስሎት ነበር። ሚስስ ሩት ከማገገሚያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፣ ከዚያም ወደ ሌላ፤ ስልካቸው ተዘጋ። በአራተኛው ወር ቤታቸውን ውሻ ያላቸው ወጣት ባልና ሚስት ተከራዩት።

ባለፈው መጋቢት አንድ ሰኞ ይስሐቅ ለምሳ ወደ ላይ ሲወጣ ስልኩ ውስጥ የድምፅ መልእክት አገኘ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስሙን ያስመዘገበበት የቤቶች ቢሮ ነው። ተራው ደርሷል። ሳንታ ሞኒካ፣ ባሕሩ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል፣ በገቢው ልክ የሚከራይ። እስከ አርብ እኩለ ቀን ድረስ ካልፈረመ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

መልእክቱን አራት ጊዜ ሰማው። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ለግሩም ነገረው።

«ሳንታ ሞኒካ?» አለ ግሩም። «ሰው ኩላሊቱን ሽጦ የማያገኘውን? አንተ እኮ ዕድለኛ ነህ፣ ፊትህ ብቻ ነው የማይመስለው።»

በማግስቱ አንድ ሰዓት አስፈቅደው በግሩም መኪና ሄዱ። የሕንፃው ሠራተኛ በሩን ከፈተችላቸው። ክፍሉ ከይስሐቅ ቤት ብዙም አይሰፋም። ግን አንደኛው ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወገብ መስታወት ነው። ባሕሩ አይታይም፣ ሌላ ሕንፃ ከልሎታል። ሰማዩ ግን ይታያል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ምንም ሳይቀባ። ይስሐቅ መስታወቱ ፊት ቆመ። አንዲት አውሮፕላን ከግራ ገብታ በቀኝ እስክትወጣ አያት። ሠራተኛዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጨርሰሃል?» አለው ግሩም በአማርኛ። «ሴትዮዋ ልታገባት የመጣህ መስሏታል።»

ይስሐቅ ከኪሱ ሜትር አወጣ። አሳንሰሩን ለካ። ደረጃውን ለካ፣ መታጠፊያውን ሁለት ጊዜ ለካ። ሥዕሉ ቆሞ አሳንሰሩ ውስጥ አይገባም፣ ተጋድሞ በደረጃው አይታጠፍም። በመስኮት በገመድ መጎተት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ሠራተኛዋ መስታወቱ እንደማይነቀል፣ ከውጭም ምንም ነገር መሳብ እንደማይፈቀድ ነገረችው።

«ይስሐቅ፣ እንዳትለኝ» አለ ግሩም። «እንዳትለኝ ብቻ።»

ማታ ከሥራ መልስ ፒኮ ጎዳና ላይ ፍሬም የሚሠሩ አርመን ሽማግሌ ቤቱ ድረስ መጡለት። በባትሪ አዩት፣ በጣታቸው የፍሬሙን ጥግ ነካ ሲያደርጉት ነጭ ዱቄት ረገፈ። ፍሬሙ በእንጨት ላይ የተለሰነ ጂፕስ ነው አሉ፤ ከሥዕሉ እንለየው ካልን ይፈርሳል። ሸራው ቢጠቀለልስ አላቸው። ቀለሙ ወፍራምና ደረቅ ነው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይራገፋል አሉት። እጃቸውን ጠርገው ሊወጡ ሲሉ ላሟን አዩዋት። «ጥሩ እጅ ነው» አሉ። «ስም ግን የለውም።»

ረቡዕ ለምሳ ግሩም እየጎተተ ጋሼ ዓለምሰገድ ዘንድ ወሰደው። ጋሼ ዓለምሰገድ ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፌርፋክስ ላይ ያለ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ፣ በሽሮና በበርበሬ ከረጢቶች መካከል የፕላስቲክ ወንበር አላቸው። ሽማግሌ ብሎ የሾማቸው የለም፤ ነገር ያለበት ሁሉ ግን እዚያ ወንበር ጋ ይመጣል። ይስሐቅ እንደቆመ ነገራቸው።

«ስትሰጥህ ሰው ነበር?» አሉ።

«ልጃቸው ነበረች። ሁለት ተሸካሚዎችም ነበሩ።»

«እሺ ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«በአፍህ ነው በአንገትህ?»

«በአፌ፣ ጋሼ። እጄንም ደረቴ ላይ አድርጌ።»

ጋሼ ዓለምሰገድ ተበሳጩ። «እጅህን ምን ወሰደው እዚያ? እሺ ብቻ ብትል አንድ ነገር ነበር።»

«ጋሼ፣ ስማኝ እንጂ» አለ ግሩም። ግሩም አንቱታ አያውቅም፤ ጋሼም ከተዉት ቆይተዋል። «ይሄ አሜሪካ ነው። ሴትዮዋ አደራ ምን እንደሆነ አታውቅም። ሆልድ አድርግልኝ ነው ያለችው። እኔን በቀን አርባ ሰው ቁልፌን ሆልድ አድርግልኝ ይለኛል።»

«ትመልሳለህ?»

«እመልሳለሁ።»

«ለባለቤቱ ነው ለጎረቤቱ?»

ግሩም የሽሮ ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

«ላም ቢሆን ይሻል ነበር» አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ላም ትሞታለች። ቆዳዋን ታሳያለህ፣ ትገላገላለህ። ሥዕል አይሞትም።»

«ስቶሬጅ ተከራይቼ ባስቀምጠውስ?» አለ ይስሐቅ።

«በር ቆልፈህበት ስትሄድ ማን ያዘው ልትል ነው? ብረቱ? አንተን ነው ያዝልኝ ያለችህ። የአደራ አደራ የለም።» አንዲት ሴት ጤፍ ልትገዛ ገባችና በመሀላቸው አለፈች። ከወጣች በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ። በሕይወት አለች?»

«አሉ መሰለኝ።»

«እንግዲያው ከአፏ የገባ ከአፏ ይውጣ። ሂድና ቤት አገኘሁ፣ ልቀቂኝ በላት። ሰው ናት፣ ትለቅሃለች። እንኳን እሷ፣ ንጉሥም ሲለምኑት ይለቃል።»

«እስከ አርብ ነው ጋሼ።»

«መኪና የለም? ይሄ አፈኛ ያድርስህ።»

የሚስስ ሩትን ልጅ ስልክ ከሕንፃው አስተዳዳሪ አገኙት። ሐሙስ ጠዋት ከሥራ አስፈቅደው፣ መኪናው ውስጥ ሆነው፣ ግሩም ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መሪው ላይ አስቀመጠው። ልጅቱ ይስሐቅን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት።

«ሥዕሉ አሁንም አንተ ጋ ነው?» አለች። «አምላኬ። እኔ እኮ ያኔውኑ የጣልከው መስሎኝ ነበር። የፈለግከውን አድርገው። ሽጠው፣ ስጠው፣ ጣለው። ከፈለግክ በጽሑፍ እልክልሃለሁ።»

ስልኩ ሳይዘጋ ጽሑፉ ገባ። ግሩም አነበበውና መሪውን በመዳፉ መታ።

«በቃ፣ ተፈታህ። ፔፐር ነው ይሄ። ፍርድ ቤት ሁሉ ይሠራል። ና እንሂድና እንፈርም።»

ይስሐቅ ጽሑፉን ረጅም ጊዜ አየው።

«ለእሷ እንዳልሰጥ ነው የተባልኩት» አለ።

«እየሰጠሃት አይደለም እኮ። እሷ ናት የሰጠችህ።»

«የሌላትን?»

ግሩም የመስታወቱን ፀሐይ መከለያ አወረደ፣ መልሶ አወጣው። «አንተን የወለደች እናት» አለ፣ «ምን አብልታህ ነው?» ከዚያ ልጅቱ የላከችውን አድራሻ ስልኩ ላይ አስገባ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው፣ ቫሊ በሚባለው የከተማው ዳር፣ አንድ ሰዓት ያስነዳል። ልጅቱ ከአድራሻው ሥር አንድ መስመር ጨምራለች፤ አንዳንድ ቀን ሰው አይለዩም ይላል።

በመንገድ ላይ ይስሐቅ የሚናገረውን በእንግሊዝኛ ተለማመደ። ሦስት ነገር ነው። ቤት አገኘሁ። ሥዕሉ አይገባበትም። እባክዎ ይልቀቁኝ።

«እባክዎን ወደ ፊት አምጣው» አለ ግሩም። «እነሱ ፕሊስ መጀመሪያ ካልሰሙ ሌላውን አይሰሙም።»

ይስሐቅ እባክዎን ወደ ፊት አመጣው። የነገውን አርብ አሰበ። ከዚያ በአዲሱ ቤት የሚነጋለትን ቅዳሜ አሰበ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ብርሃን ራሱ እስኪቀሰቅሰው ድረስ ተኝቶ። እንዲህ ያለ ነገር ካሰበ ቆይቷል። የግሩምን መኪና መስታወት ዝቅ አደረገና እጁን ወደ ውጭ አወጣ።

ሚስስ ሩት ያሉበት ክፍል ሁለት አልጋ አለው። የመስኮቱን አልጋ አንዲት ወፍራም፣ ባለ ነጭ ፀጉር ሴት ይዛዋለች። የእሳቸው በበሩ በኩል ነው፤ በመሀል የጨርቅ መጋረጃ ተጋርዷል። ከአልጋቸው የሚታየው መጋረጃው፣ የበሩ ጀርባና የጠፋ ቴሌቪዥን ነው። በጣም አንሰዋል። የለበሱት ሹራብ ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፏል።

ይስሐቅ አልጋው ግርጌ ቆመ። አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አይዛክ» አሉ። «ሰባ ሦስተኛው ጥያቄ ምንድን ነው?»

«አላስታውስም፣ ሚስስ ሩት።»

«ፓስፖርትህን ይቀሙሃል» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ። ውኃ አቀበላቸው።

እባክዎ ለማለት አፉን ሲከፍት እሳቸው ቀደሙት።

«የት አቆምከው?»

«ግድግዳው ጋ።»

«ፀሐይ ይነካዋል?»

«አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም» አለ ይስሐቅ።

ሚስስ ሩት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ረገበ። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ መጣ።

«ያ ሥዕል ነው? በየቀኑ የምታወሪው?»

«ክፈተው» አሉ ሚስስ ሩት። ይስሐቅ መጋረጃውን ሳበ። የመስኮቷ ሴት ትራስ ተደግፋ፣ ብስኩት በእጇ ይዛ ታየዋለች። «ይቺ ሴት አታምነኝም» አሉ ሚስስ ሩት። «ቤት የለሽም፣ ሥዕልም የለሽም፣ እንደ እኛው ነሽ ትለኛለች። ልጄን ስጠይቃት ዝም ትላለች። አንተ ንገራት።»

«እኔ መጥፎ ብዬ አይደለም» አለች የመስኮቷ ሴት። «እዚህ ሁሉም ሰው ቤት አለኝ ይላል። እኔም መጀመሪያ እል ነበር።» ብስኩቷን አስቀመጠች። «ሥዕሉ አለ?»

ሁለቱም ይስሐቅን ያያሉ።

«አለ» አለ።

«ትልቅ ነው?»

«ከዚህ መጋረጃ ይበልጣል።»

«ላሞቹ ስንት ናቸው? እሷ አምስት ትላለች።»

«አምስት ናቸው። ሦስቱ ይጠጣሉ፣ አንዷ ተኝታለች።»

«አንዷስ?»

«ታያለች። አሁንም እያየች ነው።»

የመስኮቷ ሴት ወደ ሚስስ ሩት ዞረችና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታያቸው አየቻቸው። «እንግዲህ እውነትሽን ነው» አለች። ሚስስ ሩት ክርክር እንደ ረታ ሰው ወደ ኋላ ተደገፉ።

«ነግሬሽ አልነበር? እግሬ ሲጠናልኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ከዚያ እሱ ሥዕሉን ተሸክሞ ያሻግርልኛል። ጎረቤቴ ነው። በመሀላችን ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። አይደለም እንዴ አይዛክ?»

መናገር የነበረበት ይህን ጊዜ ነበር። ይስሐቅ ያውቃል። ሦስቱም ነገር ምላሱ ላይ ነበሩ፣ እባክዎም ፊት ላይ ነበር። ልቀቁኝ ማለት ሥዕሉ ይጣል ማለት ብቻ አልነበረም፤ ያ ቤት የለም፣ ውሻ ያላቸው ሰዎች ይኖሩበታል፣ እግርዎ አይጠናም ማለት ነበር። ያውም ይቺ ሴት እየሰማች። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቷቸው ነበር።

«አዎ» አለ። «ግድግዳ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ያዝልኝ።»

«እሺ» አለ፣ በአፉ። ቀኝ እጁ ሳያዘው ከኪሱ ወጥቶ ደረቱ ላይ አረፈ።

ግሩም መኪናው ውስጥ ወንበሩን አስተኝቶ ይጠብቀው ነበር። ሲያየው ተነሳ።

«ነገርካት?»

ይስሐቅ ቀበቶውን አሰረ።

«ለቀቀችህ? እኔ ስጠይቅህ ወደ መሬት አትይ።»

«እንደያዝኩላቸው ነገርኳቸው።»

ግሩም ቁልፉን ለማዞር የዘረጋውን እጅ መለሰው። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ከቫሊ እስከ ፌርፋክስ፣ ቃል አልተናገረም። ግሩም ዝም ሲል ይስሐቅ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

አርብ ረፋዱ ላይ ይስሐቅ ወደ ቤቶች ቢሮው ራሱ ሄደ። በስልክ መናገር ይችል ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ተጠብቆ የመጣን ነገር በስልክ እምቢ ማለት ነውር መሰለው። ወጣቷ ሠራተኛ መጀመሪያ የኪራይ ውሉን አቀረበችለት፣ ከዚያ ሲነግራት ሌላ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። ያልፈለገበትን ምክንያት ይጠይቃል። ሕመም፣ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ሌላ። ሌላ የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ከሥሩ ይገለጽ የሚል መስመር አለ። ብዙ አሰበና የሰው ዕቃ ይዣለሁ ብሎ ጻፈ።

ሠራተኛዋ አነበበችው። «ዕቃ ከሆነ እኮ ማስቀመጫ ቦታዎች አሉ። ዝርዝር ልስጥህ?»

«አመሰግናለሁ። አውቃቸዋለሁ።»

«ስምህ ከመጨረሻ ነው እንደገና የሚገባው። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ልነግርህ አልችልም።»

ይስሐቅ ፈረመ። ለሚቀጥለው ሰው ተነግሮት እንደሆነ ጠየቃት። አሁን ነው የምደውለው አለችና ስልኩን አነሳች። የሚያነሳውን ሰው ድምፅ ለመስማት ፈልጎ ትንሽ ቆመ። ሠራተኛዋ እስኪወጣ ድረስ አልደወለችም።

ግሩም ከውጭ፣ ማቆም በተከለከለበት ቦታ ቆሞ እየጠበቀው ነበር። ከሰዓት ሁለቱም ሥራ አላቸው። ኦሎምፒክ ጎዳና ላይ ወጡ።

«ሴትዮዋ ስንት ዓመቷ ነው?» አለ ግሩም።

«ሰማንያ ሰባት።»

ግሩም ጣቶቹን መሪው ላይ እያነሳ ቆጠረ። ቀይ መብራት ያዛቸው።

«እኔም አስቤዋለሁ» አለ ይስሐቅ። «ትናንት ማታ አስቤዋለሁ። ከዚያ አፈርኩ። ደግሞም ቢሞቱ ለማን ነው የምመልሰው? የሚወርሰው ልጃቸው ናት። ለእሷ እንዳትሰጥ ነው ያሉኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ግሩም አልቸኮለም።

«እንግዲህ ዕድሜ ይስጣት» አለ። የሚያሾፍ አይመስልም ነበር።

«አሜን» አለ ይስሐቅ።